ከትኩሳት በኋላ የማይለቅ ድካም እና የቻይና ባህላዊ ሕክምና
ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ትምህርት

ትኩሳቱ ከለቀቃቸው፣ ሳሉም ከቆመ ወራት አልፈው ሳለ ወደ ቀድሞ ጉልበታቸው መመለስ ያቃታቸው ምእመናን በየአጥቢያው ይገኛሉ። ጥቂት ሠርተው ለቀናት ይተኛሉ፤ እንቅልፋቸው አያሳርፋቸውም፤ ያነበቡትን ይረሳሉ፤ ቆመው ሲቆዩ ልባቸው በኃይል ይመታል፣ ራሳቸውንም ያዞራቸዋል። የደምና የራጅ ምርመራው ግን «ምንም የለም» ይላል። አንዱ ስንፍና ነው ይላቸዋል፣ ሌላው መተት ነው ይላቸዋል፤ እነርሱም መፍትሔ ፍለጋ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። በከተሞቻችን ከሚያንኳኳቸው በሮች አንዱ የቻይና ባህላዊ ሕክምና ነው። እንዲህ ያለ ምእመን ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ ሰበካ ጉባኤው ቀርቦ «የቻይና መድኃኒት ልሞክር?» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰጠው መልስ በዕውቀት ላይ የቆመ ሊሆን ይገባል። ይህ ትምህርት የተዘጋጀውም ለዚሁ ነው።

፩. ሕመሙ እውነት ነው

በአውስትራሊያ ዳቦ በተባለች ከተማና በአካባቢዋ በሦስት የተለያዩ ተሐዋስያን የተያዙ 253 ሰዎች ከሕመማቸው መጀመሪያ አንሥቶ ክትትል ተደርጎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ውጤት መሠረት ከስድስት ወር በኋላም 29ኙ፣ ማለትም 12 በመቶ ያህሉ፣ ከሥራ በሚያውል ድካም፣ በመገጣጠሚያና በጡንቻ ሕመም እንዲሁም በሐሳብ መበተን ይሠቃዩ ነበር። ድካሙ እንደሚዘልቅ አስቀድሞ ያመለከተው የሰውየው ጠባይ ወይም የአእምሮ ሁኔታ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ሕመም ክብደት ነበር።

በሀገራችንም ለዚህ መነሻ የሚሆኑ ወረርሽኞች አልፈዋል። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የተስፋፋው ቺኩንጉንያ በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ለወራት የሚቆይ የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያስከትል በሽታ ነው። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ያየነውን ኮቪድ-19ኝን በሚመለከት ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከበሽታው በኋላ ለሚቀረው ሕመም መለያ አውጥቷል። ይኸውም ሕመሙ ከጀመረ በሦስት ወር ገደማ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ በሌላ በሽታም ሊብራራ የማይችል መሆኑ ነው። ምርመራው «ምንም የለም» ሲል መሣሪያው ያላገኘው አለ ማለት እንጂ ሰውየው ዋሽቷል ማለት አይደለም።

፪. የቻይና ባህላዊ ሕክምና ስለዚህ ድካም ምን ይላል?

ይህ ሕክምና ከሁለት ሺህ ዓመት ያላነሰ የጽሑፍ ታሪክ አለው። ጤናን የሚተረጉመው «ቺ» የሚለው የሕይወት ኃይል በሰውነት ውስጥ ሳይታገድ በመዘዋወሩ፣ እንዲሁም «ዪን» እና «ያንግ» በሚላቸው ተቃራኒ ኃይላት ሚዛን ነው። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሐኪም ጃንግ ጆንግጂንግ ስለ ትኩሳት በሽታዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ ደክሞና ከስቶ ለሚቀር ሕመምተኛ የሚሰጥ የዕፅ ውሑድ አስፍሯል። ስለዚህ ሐሳቡ ለቻይና ሐኪሞች አዲስ አይደለም። ሐኪሙ ምላስን አይቶ፣ የእጅን የደም ምት ዳስሶ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የዕፅ ቅይጥ ያዛል፤ አኩፓንክቸር የሚባለውንም የቀጫጭን መርፌ ሕክምና ይሰጣል። ከእኛ ዋግምት ጋር የሚመሳሰል በዋንጫ መሳብም አለው።

እዚህ ላይ ካህናት ሊለዩት የሚገባ ነገር አለ። «ቺ» እና «ዪን» የቆየ የተፈጥሮ ፍልስፍና ቃላት ናቸው። ዕፅ መጠጣት ወይም መርፌ መወጋት በራሱ የሃይማኖት ሥርዓት አይደለም። ሕክምናው ከአምልኮ፣ ከጥንቆላ ወይም ከመናፍስት ጥሪ ጋር ተያይዞ ከቀረበ ግን ምእመኑ ሊርቀው ይገባል።

፫. የተረጋገጠውና ያልተረጋገጠው

የቻይና ጥንታዊ ዕውቀት ለዓለም ያበረከተው ታላቅ ስጦታ በየጤና ጣቢያችን ይገኛል። ቱ ዮዮ የተባለች ቻይናዊት ተመራማሪ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ስታነብ፣ ከአሪቲ ጋር አንድ ወገን የሆነው ቺንግሃው የተባለ ዕፅ ለትኩሳት የሚሰጠው ሳይፈላ፣ በውኃ ተነክሮ ተጨምቆ መሆኑን አስተዋለች። ሙቀት ፈዋሹን ንጥረ ነገር እንደሚያጠፋ በመረዳትም በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። አርቲሚሲኒን የተባለው ይህ ንጥረ ነገር በእንስሳት፣ ቀጥሎም በሰዎች ላይ ተፈትኖ ለወባ ፍቱን ሆነ፤ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ሀገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለወባ የምትጠቀምበት ኮአርተም ከዚህ የተገኘ ነው። ትምህርቱ ሁለት ነው፦ ጥንታዊ ዕውቀት ሊናቅ አይገባም፤ መድኃኒት የሆነው ግን ጥንታዊ በመሆኑ ሳይሆን ተፈትኖ በማለፉ ነው።

ከቫይረስ በኋላ ለሚቀረው ድካም እንዲህ ያለ ፈተና ያለፈ የቻይና ዕፅ እስካሁን የለም። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ማኅበር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ለሥር የሰደደ ድካም የሚሰጡ የቻይና ዕፆችን የሚመለከቱ ጥናቶችን ፈልገው መመዘኛቸውን ያሟላ አንድም አላገኙም። ከዚያ ወዲህ የወጡትም ብዙዎቹ አነስተኛ ናቸው፤ ሕመምተኛውም ሐኪሙም የተሰጠውን እያወቁ የተሠሩ በመሆናቸው ተስፋን ከመድኃኒት መለየት ያዳግታል። የመርፌው ሕክምና ለአንዳንድ የቆዩ ሕመሞች መጠነኛ ማስታገሻ እንደሚሆን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በዚህ ድካም ላይ ግን ማስረጃው ደካማ ነው። ስለዚህ «ሊያስታግስ ይችል ይሆናል» ማለት ይቻላል፤ «ያድናል» የሚል ግን ከማስረጃው አልፏል።

፬. ጉዳት የሚመጣበት መንገድ

«ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ብዙዎችን አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ የወሰዱ መቶ ያህል ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎድቷል። ምክንያቱ በታዘዘው ዕፅ ፈንታ ስሙ የሚመሳሰል፣ አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ ያለበት ሌላ ዕፅ መግባቱ ነበር። ማ ኋንግ የተባለው ዕፅ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ይጨምራል። በብዙ ቅይጦች የሚገባው ሊኮሪስ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ በደም ውስጥ ያለውንም ፖታሲየም ይቀንሳል። በአንዳንድ የታሸጉ ምርቶች ውስጥ ደግሞ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም ያልተገለጸ ስቴሮይድ ተገኝቷል። መርፌውም አዲስና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ካልሆነ የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን መዘግየት ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ የደም ማነስ፣ የስኳር፣ የእንቅርት፣ የልብ ሕመምና ኤች አይ ቪ ሁሉም በድካም ሊገለጹ ይችላሉ፤ ሁሉም የታወቀ ሕክምና አላቸው። ያልታወቀ ድካም የሚባለው እነዚህ ተመርምረው ከተለዩ በኋላ ብቻ ነው።

፭. አጥቢያው ምን ያድርግ?

ጠያቂው ከካህኑ አምስት ነገሮችን ይስማ። አስቀድሞ በጤና ተቋም ይመርመር። የታዘዘለትን መድኃኒት ለዕፅ ብሎ አያቋርጥ። የቻይናውን ሕክምና ከመረጠ ፈቃድ ያለው ተቋምና ባለሙያ ይምረጥ፤ ከሰው ለሰው የሚዞር፣ ይዘቱ ያልተጻፈበት እሽግ አይግዛ። የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር፤ እርጉዝ፣ የምታጠባ ወይም የኩላሊትና የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ዕፁን ይተው። የሚያወጣውን ገንዘብና ጊዜ አስቀድሞ ይወስን፤ ለውጥ ካላየ ያቁም፤ ለሕክምናው ሲል ከብቱንና መሬቱን አይሽጥ።

ቤተ ክርስቲያን ጸበልንና መድኃኒትን አላጣላችም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲጠቀሙ ማስተማራቸው ይታወሳል። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንና መድኃኒትን በክብር ያነሣል።

አጥቢያው ያለ ምንም ወጪ ሊሰጠው የሚችል እርዳታም አለ። የዚህ ሕመም ዋና ምልክት ከአቅም በላይ መድከም ሕመሙን ማባባሱ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 እንደዚህ ያሉ ሕሙማን ደረጃ በደረጃ በሚጨምር የሰውነት እንቅስቃሴ እንዳይገፉ፣ ይልቁን ጉልበታቸውን መጥነው እንዲያወጡ ያዘዘው ስለዚህ ነው። በቅዳሴ ጊዜ መቆም ያቃተው ምእመን እንዲቀመጥ ይፈቀድለት፤ መቀመጫም ይዘጋጅለት። ጾሙንና ስግደቱን የንስሐ አባቱ እንደ አቅሙ ይወስንለት። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ውኃ ይቅዱለት፣ እህሉን ያስፈጩለት። በዐቢይ ጾም እሑድ የምናስበው መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነበር። ሕመሙ በመሣሪያ ያልታየለት ምእመናችንም ከማንኛውም ዕፅ በፊት የሚያምነው ሰው ይሻል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ከረጅም ሕመም በኋላ ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ምእመናን እነማን ናቸው? ማንስ ይጠይቃቸው?
2. በአካባቢያችን የሚሸጡት ዕፆችና እሽጎች ምን ምን ናቸው? ሻጮቹ ፈቃድ አላቸውን?
3. ከቅርባችን ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋር ይህን ትምህርት በጋራ ለምእመናን የምናቀርበው መቼ ነው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።