በዱቤ የሄደ ጠመንጃ

እ.ኤ.አ. በ1776 በእንግሊዝ ላይ ያመፁት የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ተዋጊ አላጡም፤ ያጡት ጠመንጃና ባሩድ ነበር። ክፍተቱን ከሞሉት አንዱ ፈረንሳዊው የቲያትር ደራሲና የቀድሞ ሰዓት ሠሪ ቦማርሼ ነው። የፈረንሳይና የስፔን መንግሥታት በምስጢር አንድ አንድ ሚሊዮን ሊቭር ሰጡት። እርሱም ከግል ባለገንዘቦች ጨምሮበት፣ በይስሙላ ኩባንያ ስም ዕቃውን ጫነ። ክፍያው በትምባሆ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በ1777 የደረሰው ጭነት በዚያው ዓመት ለሳራቶጋው ድል ረድቷል።

ይሁን እንጂ ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ሌላ ወጪ መጣ። የፈረንሳዩ ጠመንጃ አፈሙዝ ስፋት 0.69 ኢንች፣ የእንግሊዙ 0.75 ኢንች ስለነበር የአንዱ ጥይት ለሌላው አይስማማም። ዛሬ እንደምናውቀው ያለ መለዋወጫም አልነበረም፤ የተሰበረ ምላጭ የሚተካው ባለሙያ በሞረድ እየሞረደ ሲያስገጥመው ብቻ ነው።

የከፋው ግን ሂሳቡ ነበር። ከኮንግረሱ ወኪሎች አንዱ አርተር ሊ ዕቃው ስጦታ እንጂ ሽያጭ አይደለም ሲል አሳወቀ። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለት ይከብዳል፤ መነሻው የመንግሥት ገንዘብ ነበርና። ቦማርሼ ቀሪ ሂሳቡን እንደጠየቀ በ1799 ሞተ። ወራሾቹ 800 ሺህ ፍራንክ የተቀበሉት በ1835 ሲሆን፣ ያውም ከጠየቁት በታች ነበር።