የመንፈስ ጥንካሬ ለወጣት ቴኒስ ተጫዋቾች

በስድስት ኪሎ አካባቢ ያደግን ወጣቶች ስፖርትን በመጀመሪያ ያየነው በጃን ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ እግር ኳስና የገና ጨዋታ ሲካሄድ፣ ለብዙ ዓመታትም የአገር አቋራጭ ሩጫ ሲደረግ ቆይቷል። ቴኒስ ግን ሜዳውም ራኬቱም እንደ ልብ ስለማይገኝ ለብዙ ልጆች ሩቅ ነው። ቢሆንም ታሪኩና ደስታ የተባሉ ወንድማማቾች በአዲስ አበባ ለችግረኛ ልጆች ቴኒስንና ትምህርትን አጣምሮ የሚሰጥ ድርጅት ማቋቋማቸው፣ ጨዋታው ለባለጸጋ ልጅ ብቻ አለመሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ ታናናሾቻችንን ለማሠልጠን የምንነሣ ሁሉ ክንዳቸውን ብቻ ሳይሆን መንፈሳቸውንም ማጠንከር ይገባናል።

ለመሆኑ የመንፈስ ጥንካሬ ምንድን ነው? ብዙዎች አለመፍራትና አለማልቀስ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የሚፈራ ልጅ ሁሉ ደካማ አይደለም። የመንፈስ ጥንካሬ ማለት የጠፋውን ነጥብ ትቶ ለሚቀጥለው መዘጋጀት ነው። አበው «ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም» ያሉት ይህንኑ ነው።

በእግር ኳስ አንዱ ቢሳሳት ጓደኞቹ ይሸፍኑለታል። በነጠላ ቴኒስ ግን ልጁ ብቻውን ነው፤ ተቀያሪም የለውም። በሁለት ነጥቦች መካከል እስከ 25 ሴኮንድ፣ ሜዳ ሲቀያየሩም 90 ሴኮንድ ይፈቀዳል። ልጁ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ያለፈውን ስሕተት ሲያመላልስ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ሮጀር ፌደረር እ.ኤ.አ. በ2024 ለዳርትመዝ ኮሌጅ ተመራቂዎች ባደረገው ንግግር፣ ካደረጋቸው 1,526 የነጠላ ግጥሚያዎች 80 በመቶ ያህሉን ቢያሸንፍም፣ ከነጥቦቹ ያገኘው ግን 54 በመቶውን ብቻ መሆኑን ገልጿል። ይህን የመሰለ ታላቅ ተጫዋች ከ100 ነጥብ 46ቱን ካጣ፣ የ12 ዓመት ልጅ አንድ ኳስ መረብ ላይ ቢያስቀር ምን ያስደንቃል?

ከአገራችንም ምሩፅ ይፍጠርን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ዱርሃም ከተማ በተደረገ የ5,000 ሜትር ውድድር የዙሩን ቁጥር ተሳስቶ፣ አንድ ዙር ሲቀረው ጨረስኩ ብሎ ቆመ። በማግስቱ ግን 10,000 ሜትር ሮጦ አሸነፈ። በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ፣ ለ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። በ1976 ደግሞ የአፍሪካ አገሮች ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ስለወጡ ሳይሮጥ ቀረ። በ1980 በሞስኮ ግን በሁለቱም ርቀቶች ወርቅ አገኘ። ስምንቱን ዓመት ያለፈውን ሲቆጥር ቢያሳልፍ ኖሮ ለሞስኮ ባልደረሰም ነበር።

ታዲያ ይህን ለልጆች እንዴት እናስተምር?

አንደኛ፦ ነጥብ ሲጠፋ የሚያደርገውን ቋሚ ልማድ እንስጠው። ለመረቡ ጀርባውን ይስጥ፤ አንድ ጊዜ በረጅሙ ይተንፍስ፤ ዓይኑን በራኬቱ ክር ላይ ያሳርፍ፤ ከዚያም የሚቀጥለውን ኳስ ወዴት እንደሚመታ ይወስን።

ሁለተኛ፦ ጭንቀቱን በልምምድ ቀን እናስለምደው። በ30 ለ40 እየተመራ ጨዋታውን እንዲጀምር እናድርግ። በውድድር ቀን ያ ቁጥር እንግዳ አይሆንበትም።

ሦስተኛ፦ በልጆች ጨዋታ ብዙ ጊዜ ዳኛ ስለሌለ፣ በእርሱ በኩል መስመር የነካውን ኳስ «ገብቷል» ብሎ መናገርን ይማር። ነጥብ የሚያስከፍል እውነት መናገር ራሱ ጥንካሬ ነው።

አራተኛ፦ ሲሸነፍ «አሳፈርከን» አንበለው። እንዲህ የተባለ ልጅ ከዚያ ወዲያ ኳሱን ትቶ የአሠልጣኙንና የአባቱን ፊት ያያል፤ በመጨረሻም ራኬቱን አስቀምጦ ይሄዳል። ይልቁንስ ውኃ ሰጥተን፣ ጥቂት አሳርፈን፣ ምን እንደተማረ እንጠይቀው።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ ከምናሠለጥናቸው ልጆች ዋንጫ የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። ፈተና ወድቆ እንደገና መቀመጥ፣ ሥራ አጥቶ እንደገና መፈለግ ግን ሁሉንም ይጠብቃቸዋል። የጠፋ ነጥብን ትቶ ለሚቀጥለው መቆምን በሜዳ ላይ የተማረ ልጅ ለዚያ ቀን ስንቅ ይዟል። ስለዚህ ታናናሾቻችንን ስናሠለጥን ውጤታቸውን ከመጠየቃችን በፊት፣ ከስሕተታቸው በኋላ እንዴት እንደቆሙ እንመልከት።