አለቃ ገብረ ሐና፦ በቀልድ የተሸፈነ የቅኔ መምህር

የአለቃ ገብረ ሐናን ስም በደቡብ ጎንደር የማያውቅ ሰው አይገኝም። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ግን በቀልዳቸው ብቻ ነው። ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ በእሳቸው ስም ስለሚነገር ቀልደኛው መምህሩን ሸፍኖታል።

አለቃ በ1814 ዓ.ም. ግድም በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ተወለዱ። በጎንደር የበአታ ለማርያም አለቃ ሆነው ያገለገሉ፣ በዐፄ ቴዎድሮስና በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ስማቸው የተጠራ ሊቅ ነበሩ።

ከቅኔያቸው የደረሰን ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የቅኔ ጠባይ ራሱ ነው። ባለቅኔ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃናም ሆነ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ለዕለቱ በዓል አዲስ አድርጎ ይቀኛል እንጂ የትናንቱን አይደግምም። በዚያው ዘመን በፈረንሳይ አገር ስሙ ብዙ ያልተጠራ ገጣሚ እንኳ ግጥሙን አሳትሞ በቤተ መጻሕፍት ሊተው ይችል ነበር። የእኛ ሊቅ ቅኔ ግን ከሰሚው ጆሮ በቀር ማደሪያ አልነበረውም፤ ሰሚው ካልያዘው ከማኅሌቱ ጋር ያልፋል።

ቀልዱ የተረፈው ሕዝቡ በአማርኛ ስለያዘው ነው። ይህም ቢሆን ከቅኔ ቤት የወጣ ነገር ነው። በቅኔ ትምህርት አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ሲይዝ ኅብር ይባላል። ለምሳሌ «ይማሩ» የሚለው ቃል ሲጠብቅ የትምህርት፣ ሲላላ የምሕረት ይሆናል። ተማሪው በጉባኤ ሰምና ወርቅ ሲፈታ የሚለምደውን ይህን ብልሃት አለቃ በግብር አዳራሽና በመንገድ ላይ ተናገሩበት። ስለዚህ ቀልዳቸውን ለልጆች የምትነግሩ መምህራን ቃሉ ከየት ላይ እንደሚከፈል ብታሳዩአቸው፣ ከሳቁ ጋር ሰዋስው ይማራሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን በዝማሜ ነው። በጣና ዳር ያለው ተክል በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ሞገዱም ወደ ዳር ሲመላለስ ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት እንዳወጡ ይነገራል። በግእዝ ሥርዓት የምንቀድስ ሁሉ እንደምናውቀው በማኅሌት መቋሚያና ጸናጽል የዜማው አካል ናቸው፤ የሰውነትን እንቅስቃሴ መለወጥ ቀላል ነገር አልነበረም። የጎንደር ሊቃውንትም ስልቱን እንዳልተቀበሉት ይተረካል። አለቃ ግን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌም ወደ ደብረ ታቦር ይዞት መጥቶ ደቀ መዛሙርት አፈራበት። ስለዚህ ስልቱ እስከ ዛሬ በአባት ሳይሆን በልጅ ስም «ተክሌ» እየተባለ ይጠራል።