ብስክሌትና ዳገት፦ ከስድስት ኪሎ እስከ እንጦጦ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአሜሪካ ኤምባሲና በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያቀናው መንገድ አጭር ነው። በብስክሌት ለሚወጣው ሰው ግን መንገዱ የሚመዘነው በርዝመቱ ሳይሆን በከፍታው ነው። ስድስት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ በ2500 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ የእንጦጦ ጋራ ከ3000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ዳገት እንደ ቤተ ሙከራ በመውሰድ ሦስት ጥያቄዎችን ይመረምራል። ዳገት ከብስክሌተኛው ምን ያህል ኃይል ይወስዳል? ስስ የሆነው የደጋ አየር ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? ሽቅብ የተከፈለው ኃይልስ ቁልቁል ሲወረድ ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም የሰው ሕይወት የሚመለከተው እርሱ ነው።

የዳገቱ ሒሳብ

ለስሌት እንዲመቸን የመንገዱን ርዝመት 7 ኪሎ ሜትር፣ የከፍታውን ልዩነት 500 ሜትር፣ የብስክሌተኛውንና የብስክሌቱን ድምር ክብደት ደግሞ 75 ኪሎ ግራም እናድርግ። ይህን ክብደት 500 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት የሚያስፈልገው ኃይል የክብደቱ፣ የመሬት ስበትና የከፍታው ብዜት ነው። ይኸውም 75 × 9.8 × 500 ሲሆን፣ ውጤቱ 367,500 ጁል ይሆናል። ጡንቻ ከምግብ ከሚያገኘው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው አንድ አራተኛውን ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ከሰውነት ይወጣል። ስለዚህ ሰውነት በጠቅላላው 350 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። ብስክሌተኛው በደጋው ብርድ ውስጥ እንኳ በላብ የሚጠመቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ወሳኙ ነገር ግን ኃይሉ የሚወጣበት ፍጥነት ነው። ዳገቱን በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ሰው ስበትን ለማሸነፍ ብቻ በየሴኮንዱ 102 ጁል፣ ማለትም 102 ዋት ያወጣል። በግማሽ ሰዓት የሚጨርሰው ደግሞ 204 ዋት ያስፈልገዋል። ከፍታው ለሁለቱም አንድ ነው፤ የሚለያያቸው ልባቸውና ሳንባቸው በየደቂቃው ሊያቀርቡ የሚችሉት የኦክስጅን መጠን ነው።

በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ዳገት በሚወጣ ብስክሌት ላይ ከሚያርፈው ተቃውሞ ውስጥ ወደ ዘጠኝ አሥረኛ የሚጠጋው የስበት ድርሻ ነው። የአየሩና የጎማው ግጭት ቀሪውን ይካፈላሉ። በሜዳ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአራት አምስተኛ በላይ የሚሆነው ተቃውሞ ከአየር ይመጣል። ስለዚህም ቀጭን ሰው በዳገት፣ ጡንቻው የደነደነ ሰው ደግሞ በሜዳ ብልጫ ያሳያል።

ማርሽ ኃይል አይጨምርም

ብዙዎች ማርሽ የብስክሌተኛውን ኃይል የሚጨምር ይመስላቸዋል። ማርሽ ግን ኃይልን አይፈጥርም፤ የሚለውጠው የእግርን ጫናና የዙርን ብዛት ነው። ዙሪያው 2.1 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በደቂቃ 79 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከፊት 34፣ ከኋላ 30 ጥርስ ያለው ማርሽ ከተያዘ እግር በደቂቃ 70 ጊዜ ይዞራል። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ብቻ ያለው ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ከሆነ ግን እግር በደቂቃ የሚዞረው 32 ጊዜ ያህል ነው። ሥራው አንድ ሆኖ ሳለ በእያንዳንዱ ዙር ፔዳሉ ላይ የሚያርፈው ጫና ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ጉልበቱን የሚያመው ብስክሌተኛ በቅድሚያ ሊመረምረው የሚገባው ማርሹን ነው።

ስስ አየር፦ ወዳጅም ጠላትም

በ2500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በሁለቱም ስፍራ 21 በመቶ ቢሆንም፣ ግፊቱ ስለቀነሰ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። ከ1500 ሜትር በላይ የሰውነት ከፍተኛው የኦክስጅን አጠቃቀም በየ1000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይቀንሳል።

በሌላ በኩል ስስ አየር የሚያሳየው ተቃውሞ አነስተኛ ነው። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር በመጓዝ ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲን የመረጠው ስለዚህ ነበር። ሜክሲኮ ሲቲ ከስድስት ኪሎ በ250 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ይህ ጥቅም ግን ለሜዳ ፍጥነት እንጂ ለዳገት እምብዛም አይሠራም፤ በዳገት ላይ የአየር ድርሻ ትንሽ ነውና።

የደጋ ሰው ይህን ጉድለት እንዴት ይቋቋመዋል? እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ3530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ የአማራ ክልል ነዋሪዎችን መርምረው ነበር። የነዋሪዎቹ የሄሞግሎቢን መጠንና የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ አረጋገጡ። ሆኖም ከፍታ ብቻውን ብስክሌተኛ አያፈራም። ኢትዮጵያ ብስክሌተኞችን ወደ ኦሊምፒክ የላከችው ገና በመጀመሪያ ተሳትፎዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ነበር። በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይ የተወዳደረው ግን ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በመካከሉ የጎደለው የደጋ አየር ሳይሆን ብስክሌት፣ ውድድርና ሥልጠና ነበር።

ቁልቁለቱ የሚጠይቀው

ሽቅብ የተከማቸው 367,500 ጁል በመልስ ጉዞ አይጠፋም፤ ወደ ፍጥነት ወይም ወደ ሙቀት መለወጡ ግድ ነው። ብስክሌተኛው ፍሬን ሳይዝ በ7 በመቶ ቁልቁለት ቢለቅ፣ አየሩ ገትቶ የሚያቆምለት ፍጥነት በባሕር ጠለል በሰዓት 51 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆን ነበር። በእንጦጦው ስስ አየር ግን ወደ 59 ይደርሳል። ለሜዳው ወዳጅ የነበረው አየር በቁልቁለት ላይ ልጓሙን ያላላል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ተራ ቁጥር አይደለም። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢወስድበት፣ ለመቆም በጠቅላላው 19 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በ59 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግን 57 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት ሦስት እጥፍ ሆነ። በዚህ መንገድ ላይ ደግሞ እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ተማሪዎችና የሽሮ ሜዳ ገበያተኞች ይመላለሳሉ፤ ታክሲዎችም ተሳፋሪ ለማውረድ በድንገት ይቆማሉ።

ፍሬንም ወሰን አለው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነትን ጠብቆ ለመውረድ ፍሬኑ ያለማቋረጥ ወደ 300 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ማስወገድ አለበት፤ ይህም ባለ 60 ዋት አምስት አምፖሎች የሚወስዱት ኃይል ነው። ሰባቱ ኪሎ ሜትር 14 ደቂቃ ይፈጃል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው ይግላል፤ ሙቀቱም የውስጥ ጎማውን ሊያፈነዳ ይችላል። በክረምት ቸርኬው ሲረጥብ ደግሞ ፍሬኑ አጥብቆ መያዙ ይቀንሳል።

ዐባይ በረሃ

ይህንኑ ሒሳብ ወደ ታላቁ ሸለቆ ብንወስደው ነገሩ ጎልቶ ይታያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ከባሕር ጠለል 1000 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ደጀን ከርሱ በ1400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ይህ ከፍታ በ20 ኪሎ ሜትር ሲከፈል እንደ እንጦጦው ሁሉ 7 በመቶ ይሆናል፤ ሆኖም የሚጠይቀው ኃይል ሦስት እጥፍ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ሙቀቱም በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ፣ ታችኛው በረሃ ከደጀን በ9 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ወጪው ብስክሌተኛ ጉዞውን በሞቃትና ኦክስጅን በበዛበት አየር ጀምሮ፣ በደከመበት ሰዓት ስስ አየር ውስጥ ይገባል። ስለሆነም ከታች በረታሁ ብሎ መቸኮል ከላይ ያስከፍላል። ወራጁ ደግሞ በፍሬኑ ብቻ የተማመነ ነው፤ የከባድ መኪና አሽከርካሪ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን መግቻ ሲያደርግ፣ ብስክሌት ይህ አማራጭ የለውም።

እንግዲህ በእንጦጦም ሆነ በዐባይ ለሚነዳ ሰው ከስሌቱ የሚገኘው ምክር ይህ ነው። ሲወጡ ቀላል ማርሽ ይዞ፣ ትንፋሽ በሚፈቅደው መጠን መንዳት፤ ከመውረድ በፊት ሁለቱንም ፍሬኖችና ጎማዎቹን መፈተሽ ይገባል። ሲወርዱ ቀና ብሎ በመቀመጥ አየሩ እንዲገታ ማድረግ፣ ፍሬንን ሳይለቁ ከመጎተት ይልቅ ከመታጠፊያ በፊት ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልሶ መልቀቅ ይበጃል። ቸርኬው እጅግ ከጋለ ወርዶ እስኪበርድ መቆየት ነው። አንባቢም የራሱንና የብስክሌቱን ክብደት በ75ቱ ቦታ ተክቶ ስሌቱን ቢደግመው፣ ከጋራው ሲመለስ ፍሬኑ የሚሸከመውን ሸክም አስቀድሞ ያውቀዋል።