ከለገዳዲ ውኃ እስከ ሆስፒታል አልጋ፦ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክን ለምን ተላመደ?

ከአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ ምንጮች አንዱ የለገዳዲ ማጣሪያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የሚመጣውን ውኃ አጣርቶና በክሎሪን አክሞ ወደ ከተማዋ ይልካል። ክሎሪን ለውኃ ማከሚያነት መዋል ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬም ባክቴሪያን ይገድላል። በ1928 እ.ኤ.አ. የተገኘውን ፔኒሲሊን ግን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ገና በ1940ዎቹ በሆስፒታሎች ታይተዋል። ይህ ልዩነት ከምን የመጣ ነው?

ክሎሪን የባክቴሪያውን ሽፋን፣ ፕሮቲኖችና ሌሎች ክፍሎች በአንድ ጊዜ ያጠቃል። አንቲባዮቲክ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ የተወሰነ ክፍል ብቻ ይመታል፤ የእኛን ሕዋሳት ሳይጎዳ ባክቴሪያውን የሚገድለውም በዚህ ምክንያት ነው። ደካማ ጎኑም ይኸው ነው። ቁልፍ አንድን ጋን ብቻ የሚከፍት ከሆነ፣ ጋኑ ጥቂት ሲለወጥ ከንቱ ይሆናል።

ለውጡ እንዴት እንደሚመጣ እናስላ። በተመቸ ሁኔታ በየ20 ደቂቃው ለሁለት የሚከፈል አንድ ባክቴሪያ በ10 ሰዓት 30 ጊዜ ይባዛል፤ ቁጥሩም 2 ሲባዛ በራሱ 30 ጊዜ፣ ማለትም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይሆናል። ከእነዚህ መካከል በአጋጣሚ የተለወጡ ጥቂቶች ይገኛሉ። መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲገድል ሜዳው ለእነዚህ ይለቀቃል። እንግዲህ ባክቴሪያው ከመድኃኒቱ አይማርም፤ መድኃኒቱ ይመርጠዋል እንጂ። ከዚህም በላይ የመቋቋሚያው ዘረ-መል ፕላዝሚድ በሚባል የዲ.ኤን.ኤ. ቀለበት አማካይነት ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የተሳተፈበትና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ የሰባት አገሮች ጥናት፣ የጨቅላ ሕፃናትን ደም ከሚመርዙት ባክቴሪያዎች ክሌብሲዬላ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ መሆኑን፣ ብዙዎቹም ለተለመዱት አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የማይበገሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በዓለም ደረጃ በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞቱ ተገምቷል።

በሆስፒታል እነዚህን ባክቴሪያዎች ከአልጋ ወደ አልጋ ከሚያደርሱት መንገዶች ዋነኛው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ አለመውሰድ የመፍትሔው አንድ ገጽታ ሲሆን፣ ሌላው በለገዳዲ የታከመውን ውኃና ሳሙናን በአግባቡ መጠቀም ነው። የታጠበ እጅ የሚያስወግደው ባክቴሪያ መድኃኒት የተላመደም ይሁን ያልተላመደ ልዩነት የለውም።