በገዛ እጅ የቤት ዕቃ ስለ መሥራት

አንባቢ ሆይ፤ አሁን የተቀመጥህበትን ወንበር ተመልከት። ከምን እንጨት ተሠራ? እግሩ ከመቀመጫው ጋር በምን ተያያዘ? ማንስ ሠራው? ብትጠየቅ ምናልባት አንዱንም ለመመለስ አትችል ይሆናል። መጽሐፍ ማንበብ፥ ሒሳብ ማስላት፥ የውጭ አገር ቋንቋ መናገር ታውቃለህ፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚሸከምህን ዕቃ አታውቀውም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ዳሩ ግን ከዚህ አለማወቅ ሁለት ክፉ ልማዶች ይወለዳሉ። አንደኛው ከአቅም በላይ መበደር ነው፤ ሁለተኛው በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው መናቅ ነው። ይህ ትምህርት ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱና ስለ መድኃኒታቸው ይናገራል።

1ኛ፤ ስለ ባዶ ቤትና ስለ ዕዳ ፈተና

የካ አባዶ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ያለ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ነው። በዚያ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ቤታቸውን ያገኙት በዕጣ ነው። 20/80 በተባለው ሥርዓት ባለ ዕጣው ከቤቱ ዋጋ ከመቶ 20 እጁን አስቀድሞ እንዲከፍል፥ የቀረውን 80 እጅ ግን ከባንክ ተበድሮ በየወሩ ለብዙ ዓመታት እንዲከፍል ተወሰነ። ቤቱንም ሲረከቡ ብዙዎች ፍጹም ያለቀ ሆኖ አላገኙትም፤ ወለሉን፥ የግድግዳውን ልስን፥ የውስጡን በር ራሳቸው ማሠራት ነበረባቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ወደ ቤቱ የሚገባው ዕዳ ይዞ ነው።

ምሳሌ እንናገር። አንድ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ እንዲህ ያለ ቤት ደረሰው። በገባ በሁለተኛው ሳምንት እንግዶች ለእንኳን ደስ አለህ እንደሚመጡ ሰማ። በባዶ ቤት እንዳይቀበላቸው አፈረ፤ ስለዚህ ከሁለት ወዳጆቹ ተበደረ፥ የዕቁቡንም ተራ ከሌላ ሰው ለምኖ ወሰደ፤ ትልቅ ሶፋና ትልቅ ቁም ሣጥን ገዛ። ሶፋው በጠባቡ ደረጃ መዞሪያ ላይ እንቢ ብሎ አራት ሰዎች ሲታገሉት ማዕዘኑ ተቀደደ። ቁም ሣጥኑም ከላይ የሚያብረቀርቅ፥ ከውስጥ ግን ቺፑድ ነበር። ቺፑድ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጣብቆ የተጨመቀ ነውና ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። ወለሉ በታጠበ ቍጥር የቁም ሣጥኑ እግር አበጠ፤ በመጨረሻም በሩ ወለቀ። ዕዳው ሳያልቅ ቁም ሣጥኑ አለቀ።

ይህ ሰው ሞኝ አልነበረም። የበደለው አንድ ነገር ነው፤ የእንግዶቹን ዓይን ከኪሱ ይልቅ ፈራ። ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፤ ይህ ፍርሃት በእኛም ውስጥ የለምን?

2ኛ፤ ወላጆቻችን እንዴት ያደርጉ ነበር

በገጠር ወላጆቻችን ቤት በሠሩ ጊዜ መቀመጫውን ከገበያ አልገዙም። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተው መደብ ሠሩ፤ እንጨት አቁመው የበሬ ጠፍር ወጥረው አልጋ አበጁ፤ አንዱን ግንድ ጠርበው ባለ ሦስት እግር በርጩማ አወጡ። መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ ሦስት እግር ያለው መቀመጫ አይወዛወዝም፤ አራት እግር ያለው ግን ይወዛወዛል። ይህን ጥበብ ያገኙት ሠርተው በማየት ነው።

ዛሬ በፎቅ ላይ ባለ ክፍል ውስጥ የጭቃ መደብ መሥራት አይቻልም። ነገር ግን መደቡን የሠራው ትጋት ከመደቡ ጋር ሊቀር አይገባውም፤ ከጭቃ ወደ ጣውላ ሊዛወር ይችላል።

3ኛ፤ የእጅ ሥራ ውርደት አለመሆኑ

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው መስደብ የቆየ ክፉ ልማድ ነበረ። ያረሰበትን ማረሻ ከቀጥቃጩ እጅ እየተቀበለ ቀጥቃጩን የሚሰድብ ብዙ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ ምላስን ሊከለክል ይችላል፤ በልብ ያለውን ንቀት ግን እያንዳንዱ ሰው ራሱ ሊነቅለው ይገባል።

ክርስቲያን የሆነ ሰው ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 6 እንደ ተጻፈ፥ የናዝሬት ሰዎች ጌታን ሊያቃልሉ በወደዱ ጊዜ ያነሡበት ነገር ጸራቢነቱን ነበረ። ሐዋርያው ጳውሎስም የተማረ ሰው ሲሆን በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ይኖር እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 18 እናነባለን። እንግዲህ መጋዝ መያዝ የሚያሳፍርህ ከሆነ በማን እንደምታፍር አስብ።

በአዲስ አበባ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 የተቋቋመው የእጅ ሙያ ትምህርት ቤት ተግባረ ዕድ ተባለ፤ ትርጓሜውም የእጅ ሥራ ማለት ነው። ስሙ ከግዕዝ መወሰዱ የእጅ ሥራ ከመጽሐፍ ትምህርት ጋር የተጣላ አለመሆኑን ያስታውሰናል።

4ኛ፤ እንጨትን ስለ ማወቅ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የማገዶና የቤት እንጨት እያጠረ ሄደ። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ አደገ፥ የእንጦጦንም ኮረብታ አለበሰ። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ ሴቶች ለብዙ ዘመን የከተማይቱን ምድጃ አንድደዋል። እንጨት ስትገዛ እነዚህን ሴቶች አስብ፤ ማንም ያልደከመበት እንጨት የለም።

ባሕር ዛፍ ጠንካራና በየቦታው የሚገኝ ነው፤ እርጥብ ሳለ ከተሠራ ግን ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ጣውላውን ከፀሐይ በራቀና ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ፥ በየመካከሉ ትንንሽ እንጨት እያስገባህ ደርድረህ አድርቀው። ዋንዛ ለዕቃ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የተመረጠ ነው፤ ለጀማሪ እጅ ግን ውድ ነው። ጣውላ ስትገዛ ከጫፉ በአንድ ዓይንህ አነጣጥረህ ተመልከት፤ የተጣመመ ከሆነ ወዲያው ይታወቅሃል።

5ኛ፤ የመጀመሪያው ሥራ፤ አንድ አግዳሚ ወንበር

በትልቅ ነገር አትጀምር። ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ አግዳሚ ወንበር ይበቃል። የሚያስፈልግህ መጋዝ፥ መዶሻ፥ ሜትር፥ መሰርሰሪያ፥ ኮላ፥ የብርጭቆ ወረቀት፥ 8 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ምስማር ነው። እንጨቱ 3 ሜትር የሚረዝም፥ 25 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፥ 3 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር አንድ ጣውላ ነው።

ከዚህ ጣውላ ለመቀመጫ 100 ሴንቲ ሜትር፥ ለሁለቱ እግሮች 42፥ 42 ሴንቲ ሜትር፥ እግሮቹን ለሚያገናኘው ማያያዣ 70 ሴንቲ ሜትር ቁረጥ። ከመቁረጥህ በፊት ልኩን መላልሰህ እይ፤ አጥሮ የተቆረጠ ጣውላ ተመልሶ አይረዝምም። ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መሆኑን ለማወቅ እስኳድራ ባይኖርህ እንዲህ አድርግ፤ በአንዱ ጠርዝ 15፥ በሌላው 20 ሴንቲ ሜትር ለክተህ ምልክት አድርግ፤ ከምልክት እስከ ምልክት 25 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው።

ማያያዣውን በጎኑ አቁመህ በሁለቱ እግሮች መካከል፥ ከላይ እኩል አድርገህ በኮላና በምስማር አያይዝ። መቀመጫውንም በላያቸው አጋድም፤ በሁለቱም ወገን 12፥ 12 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይላል። ምስማሩን ከመምታትህ በፊት ከምስማሩ በቀጠነ መሰርሰሪያ ብሳው፤ ያለዚያ ባሕር ዛፍ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ምስማሮቹንም በአንድ መሥመር ላይ አትደርድራቸው፤ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ አድርግ። የእግሮቹን ታች መካከሉን ጥቂት ቆርጠህ ብታወጣ ወንበሩ በአራት ጫፍ ብቻ ስለሚቆም ወለሉ እኩል ባይሆን እንኳ ብዙ አያስቸግርህም። በመጨረሻ ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልስ፤ የእንግዳህን ልብስ የሚቀድድ ወንበር ገና አላለቀም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ኤንዞ ማሪ የተባለ ኢጣልያዊ የዕቃ ንድፍ አውጪ ከጣውላና ከምስማር ብቻ የሚሠሩ የጠረጴዛ፥ የወንበርና የአልጋ ንድፎች አውጥቶ፥ የፖስታውን ዋጋ ብቻ እየተቀበለ ለጠየቀው ሰው ይልክ ነበር። አሳቡም ሰው ሁሉ አናጢ እንዲሆን አልነበረም፤ አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ሰው በገበያ የሚያየውን ዕቃ መልካሙን ከክፉው መለየት እንዲማር ነበር። ሠርቶ ያየ ሰው በውጭ ልባስ አይታለልም፤ የሚሠራውንም ሰው አይንቅም።

6ኛ፤ መጠንና ጎረቤት

በአንድ ወንበር ምክንያት ራስህን ባለሞያ አታድርግ። ከባድ ቁም ሣጥን ወይም የሕፃን አልጋ ቢወድቅ ሰው ይጎዳልና ወደ አናጢ ሂድ፤ ዋጋውንም ሳታጓትት ክፈለው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳታውቅ አትንካ። ደግሞ በፎቅ ቤት የአንዱ ወለል የሌላው ጣራ መሆኑን አትርሳ። በማለዳ መዶሻ የምታነሣበት ግድግዳ ማዶ ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ የተኛ ዘበኛ ሊኖር ይችላል። ሥራህን በቀን፥ በግቢው፥ ጎረቤትህን አስፈቅደህ አድርግ፤ ፍቅፋቂውንም ጠርገህ ተነሣ።

7ኛ፤ የምሳሌው ፍጻሜ

ወደዚያ ጸሐፊ እንመለስ። ዕዳውን በጭንቅ ከከፈለ በኋላ በሰፈሩ ወዳለው አናጢ ሄደ። «ጋሼ፥ ሥራ ሊያስተምሩኝ ይችላሉን? ነገር ግን የተማርሁ ሰው ነኝ፤ ሰዎች ጣውላ ስልግ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?» አለ። አናጢውም ሳቅ ብሎ፥ «ልጄ፥ መላጊያ የተማረና ያልተማረ አይለይም፤ ቀጥ አድርጎ የያዘውን ብቻ ያውቃል» አለው። ጸሐፊውም ለአራት ቅዳሜ እየተማረ አንድ አግዳሚ ወንበር ሠራ።

በፋሲካ ሰሞን አባቱ ከገጠር መጡ። በወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት፥ «ይህን ከየት ገዛኸው?» ብለው ጠየቁት። «ከገበያ» የሚለው ቃል ወደ አፉ መጣ፤ ነገር ግን መልሶ ዋጠውና፥ «እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ። ሽማግሌው ወንበሩን ገልብጠው ታቹን አዩ፤ መልሰውም አቆሙትና በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ጥቂት ተወዛወዘ። ልጁ አፈረ። አባቱ ግን፥ «እኔ የመጀመሪያውን መደብ ስሠራ ጭዱን አሳንሼ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀብኝ፤ እናትህ ዓመት ሙሉ ቁርበት አልብሳ ሸፈነችልኝ» አሉና ተቀመጡ። ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሡም።

አንባቢ ሆይ፤ ዕቃህ ጥቂት ቢሆን፥ አንዱም እግሩ ቢያጥር አይክፋህ። ያልተበደርህበት ወንበር እንቅልፍ አይከለክልም። ወንበሩንም ከሠራህ በኋላ በዚያ አትቁም፤ የተበጠሰ ቁልፍ መትከል፥ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማጥበቅ፥ ወንድ ብትሆንም የሽሮ ወጥ መሥራት ተማር። ያወቅኸውንም ለልጅህና ለጎረቤትህ ልጅ አሳይ።

ለምርመራ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቤትህ ካለው ዕቃ የትኛውን ስለሚያስፈልግህ፥ የትኛውን ሰው ስለሚያየው ገዛኸው?
2. በእጁ የሚሠራውን ሰው የሚያቃልል ቃል ከአፍህ ወጥቶ ያውቃልን? ለማን?
3. በሰፈርህ ሙያ ሊያስተምርህ የሚችል ሰው ማን ነው? መቼ ትጠይቀዋለህ?
4. እስከሚመጣው ወር ድረስ በገዛ እጅህ የምትሠራው አንድ ነገር ምንድር ነው?