ዕዳ ነው ወይስ ቸርነት?
(በደቡብ ኮሪያ ስለተደረገው የባሕር ዳርቻ ጽዳት)

አደጋ በደረሰበት ሥፍራ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ለእርዳታ ሲወጡ ስንሰማ ደስ ይለናል፡፡ ይሁን እንጂ ከረዳቶቹ መካከል አደጋው ውስጥ እጁ ያለበት ድርጅት ሠራተኞች ቢገኙስ ምን እንላለን? ለዚህ ጥያቄ የሚረዳንን አንድ ታሪክ እንመልከት፡፡

ዲሴምበር 7 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኮሪያ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ ቴአን በተባለው አውራጃ አቅራቢያ፣ ሄቤይ ስፒሪት የተባለች የነዳጅ መርከብ መልሕቋን ጥላ ቆማ ነበር፡፡ ግዙፍ ክሬን የተሸከመ ተንሳፋፊ በጎታች መርከብ እየተሳበ ሲያልፍ ባሕሩ ተናውጦ ስለነበር መጎተቻው ገመድ ተበጠሰ፤ ተንሳፋፊውም ሄዶ መርከቢቱን መታት፡፡ የመርከቢቱ አካል ባለ አንድ ንብርብር ብረት ስለነበረ ጋኖቿ ተቀደዱና ከ10,000 ቶን የሚበልጥ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ፡፡ ማሊፖ የተባለው ውብ የመዋኛ ዳርቻ ጠቆረ፡፡ በባሕሩ ውስጥ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ እያረቡ የሚሸጡ ሰዎች ከብታቸው እንዳለቀበት ገበሬ ሆኑ፡፡

በባሕሩ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት መርከቦች ሊሰበስቡት ይሞክራሉ፡፡ በድንጋይና በድንጋይ መካከል የገባውን ግን መኪና አያወጣውም፤ የሰው እጅ ይፈልጋል፡፡ ስለሆነም የአካባቢው ዓሣ አጥማጆችና ነጋዴዎች ባልዲና አካፋ ይዘው ወጡ፡፡ ቀጥሎም ከየከተማው አውቶቡሶች ይጎርፉ ጀመር፤ ተማሪዎች፣ ወታደሮች፣ የአብያተ ክርስቲያናት ምእመናን፣ እንዲሁም ኩባንያዎች የላኳቸው ሠራተኞች፡፡ በድምሩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው! ሥራው ግን ምን ነበር? በክረምት ብርድ ቁጢጥ ብሎ፣ አንዱን ድንጋይ አንስቶ፣ በአሮጌ ጨርቅ ጠርጎ፣ አገላብጦ እንደገና መጥረግ፣ ከዚያ ሌላውን ማንሳት፡፡ በጎርፍ ጊዜ እንኳ ቤት ጠርጎ የሚያውቅ ሰው ድካሙን ይገምተዋል፡፡ የነዳጁም ሽታ ራስ ያዞራል፤ ያስመልሳል፤ ስለዚህ በጎ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛም ያስፈልጋል፡፡

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታየት አለበት፡፡ ከከተማ የመጣው ሠራተኛ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሥራውም ይጠብቀዋል፡፡ የኦይስተር አርቢው ግን የሚጠርገው የራሱን የጠፋ እንጀራ ነው፡፡

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፡፡ ክሬኑን ያሠራው ሳምሰንግ ሄቪ ኢንዱስትሪስ ነበር፤ የዚህም ኩባንያ ሠራተኞች ለጽዳቱ ወጥተዋል፡፡ በእኛ አስተያየት ድንጋይ የጠረገው ሠራተኛ ምስጋና ይገባዋል፡፡ ገመዱን የበጠሰው እሱ አይደለምና፡፡ ኩባንያው ግን የሠራተኞቹን ላብ እንደ ስጦታ ሊቆጥረው አይችልም፤ ከዕዳው ላይ ጥቂት እንደተከፈለ ቢቆጠር ነው የሚሻለው፡፡ በአንጻሩ ምንም የማይመለከተው የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ሲመጣ ያ እውነተኛ ቸርነት ነው፡፡ ሁለቱም ያንኑ ጨርቅ ይዘው፣ ያንኑ ድንጋይ ሲጠርጉ ከሩቅ ለሚያይ ሰው አይለዩም፤ ዓሣ አጥማጁ ግን ይለያቸዋል፡፡

በ2009 የአገሪቱ ፍርድ ቤት በባሕር ሕግ መሠረት የኩባንያውን ኃላፊነት 5.6 ቢሊዮን ዎን ገደማ ላይ ወሰነው፡፡ ይህም ከጠፋው ሀብት ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነበር፡፡ የማሊፖ ዳርቻ በ2008 የሙቀት ወራት ለዋናተኞች ተከፈተ፡፡ የካሳው ክርክር ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመታት ቆየ፡፡